የአራተኛው መስመር ስሕተት

ያሰሩኝ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ላይ ሲሰፍር ነጋዴዎቹን አስወጥቶ የወሰደው ቤት ነበር፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ደግሞ ከቁመቴ በላይ ያለች አንዲት ዝገት የበላት ፍርግርግ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ላብ፣ ሽንት፣ ከሁሉም ሥር የከረመ ጥጥ። ዐይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ሥር ቆምኩ። ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ያዩኛል። አንድም ሰው ጠጋ አላለልኝም።

«ከወዴት ነህ?» አለኝ አንዱ። ለአርበኞች እህል አቀበልክ ተብሎ የታሰረ የቀወት ገበሬ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ከላይ ነኝ።»

«ላይማ ሰፊ ነው።»

«ከደብረ ሲና በኩል።»

«በምን ያዙህ?»

«በወረቀት።»

«የምን ወረቀት?»

«የሒሳብ።»

ከዚህ በኋላ የጠየቀኝ የለም። ሰው በጠመንጃ ይያዛል፣ በጥይት ይያዛል፣ ስንቅ ሲያቀብል ይያዛል። በሒሳብ ተያዝኩ የሚል ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ወሬ ሊለቅም የገባ ነው። እብድ አልመስልም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ብሆን እያንዳንዳቸውን እየጠረጠርኩ ነው የገባሁት። ሽንት የሚሸናበት በርሜል አጠገብ ባዶ ቦታ ነበር። እዚያ ተቀመጥኩ።

ነገሩ ግን እውነት ነው። ከጦርነቱ በፊት እስክንድርያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ተምሬአለሁ። ጣሊያን ከገባ በኋላ የተማረ ሰው እየተለቀመ ሲገደል፣ ኮትና ሱሪዬን ጥዬ ወደ እናቴ ዘመዶች ቆላ ወረድኩና ጥጥ ነጋዴ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። የጥጥ ዋጋ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የዚያኑ ቀን በተያዝኩ።

እዚያ አንድ ተማሪ አገኘሁ። የይፋት ሰው ነው፤ ከኔ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቢያንስ ነው። ለጣሊያን መንገድ መሐንዲሶች የመለኪያ ዘንግ ይይዝ ነበር። አንድ ቀን ዘንጉን ጥሎ፣ የመሐንዲሱን የቁጥር መጽሐፍ ይዞ፣ ተራራ ላይ ካሉት አርበኞች ጋር ተቀላቀለ። ጨውና ወሬ ፍለጋ ወደኛ መንደር ብቅ ሲል መጽሐፉን በሽርጡ ጠቅልሎ ያመጣዋል። ለምን ሰረቅኸው ብዬ ብጠይቀው «ሁልጊዜ ከመተኮሳቸው በፊት እሱን ያያሉ፣ መንገድ ከመቅደዳቸው በፊትም እሱን ያያሉ፤ ቁርዓናቸው መስሎኝ» አለኝ።

መጽሐፉ የማዕዘኖችን ሳይን ሎጋሪዝም የሚዘረዝር ሰንጠረዥ ነው። ተማሪዬ ገና ፊደሉን ሳይለይ ቁጥሩን አጥንቶ አንድ ነገር ታዝቧል።

«መጀመሪያ ላይ ይሮጣል» አለኝ። «ከአንዱ መስመር ወደሚቀጥለው ሲዘል አይጣል ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ እንደ ደከመ ግመል ያዘግማል። ለምንድነው?»

ይህን ጥያቄ እስክንድርያ ውስጥ ከአርባ ተማሪ አንዱም አልጠየቀም። ደስ ያለኝ ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል። የላቲን ፊደል አስቆጠርኩት፤ ስለዚህም እጅ ጽሕፈቱ የኔኑ ይመስላል። ከዚያ የለውጥን ፍጥነት እንዴት እንደሚያወጡ ነገርኩት። «ሎጋሪዝሙ ላይ ነው፣ ሳይኑ ውስጥ ነው» አልኩት። «መጀመሪያ የላዩን ለውጥ ውሰድ፤ የሎጋሪዝም ለውጥ አንድን ውስጡ ላለው ነገር ማካፈል ነው። ቀጥለህ የውስጡን ውሰድ፤ የሳይን ለውጥ ኮሳይን ነው። ሁለቱን አባዛ።» ኮሳይን ሲካፈል ለሳይን ወጣ፤ ኮታንጀንት የሚባለው። ማዕዘኑ ትንሽ ሲሆን ይህ ቁጥር እጅግ ትልቅ ነው፤ ዘጠና ላይ ሲደርስ ባዶ ይሆናል። ተማሪዬ ጭኑን መታና «እንግዲያው መጽሐፉ አላበደም!» አለ።

በአንዲት ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ሠራሁለት። የሳይንን ሎጋሪዝም፣ የታንጀንትን፣ ማዕዘኑ በሁለት የተባዛበትን ሳይን። አራተኛውን፣ የኮሳይንን ሎጋሪዝም፣ አንተ ሥራው አልኩት። አምጥቶ የሰጠኝ ሊሄድ ሲነሳ ነበር፤ ሳየው ተሳስቷል። ማዕዘን ሲያድግ ኮሳይን ስለሚቀንስ፣ ከመልሱ ፊት የመቀነስ ምልክት መኖር ነበረበት። የለም። ተመልሶ ሲመጣ አሳየዋለሁ ብዬ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። በዚያ ዘመን የላቲን ፊደል ያለበትን ወረቀት አቃጥሎ አመዱን መበተን ነበር የሚገባው። እኔ ግን መምህርነቱ አሸነፈኝና ለእርማት አስቀመጥኩት። በማግስቱ ገበያ ላይ ሲፈትሹኝ አገኙት።

የፖለቲካ ጉዳይ የሚመረምረው መኮንን ወረቀቱን የአርበኞች ምስጢር ጽሕፈት ነው አለ። ሳይን የአንድ አለቃ ስም፣ ታንጀንት የወንዝ መሻገሪያ መሰለው። አስተርጓሚው እኔ የምለውን መተርጎም ቢያቅተው «ቁጥር ነው ይላል» ብቻ እያለ ደጋገመ። በመጨረሻ የመንገድ መሐንዲሱን አስጠሩት። ቀጭን፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነው። ፈረንሳይኛ እንደምችልና እስክንድርያ እንደተማርኩ ሲያውቅ አስተርጓሚውን በእጁ ዝም አሰኘው።

ወረቀቱን ለብዙ ጊዜ አየና «ምስጢር አይደለም» አለ። ልቤ መለስ አለ። «ሦስቱ ትክክል ናቸው። አራተኛው ስሕተት ነው። ሦስቱን የሠራ ሰው አራተኛውን እንዲህ አይሳሳትም። እጁ አንድ ይመስላል፤ ጭንቅላቱ ግን ሁለት ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ዘንግ ያዤ መጽሐፌን ይዞ ጠፍቷል። ይህን ያስተማርከው እሱን ነው?»

«ማንንም አላስተማርኩም። እንዳልረሳው ለራሴ የጻፍኩት ነው።»

«ከነገ ወዲያ ትመጣለህ» አለ። «ጥቂት ጥያቄ እሰጥሃለሁ።»

ሌላ አላለኝም፤ መናገርም አላስፈለገውም። የኮሳይኑን በትክክል ከሠራሁ ስሕተቱ የሌላ ሰው ነው። ያን ሰው ደግሞ እስክናገር ይገርፉኛል፤ ብናገርም ባልናገርም መንደሩን ያቃጥላሉ። ዘንግ ያዣቸው እግሩ የሚረግጥበትን ቤት ሁሉ ያውቁታል። ተማሪዬ የሚተርፈው እኔ እንደሱ ከተሳሳትኩ ብቻ ነው፤ ያውም መሐንዲስ ፊት፣ ያውም እንደማላስመስል ሆኜ።

መጋዘኑ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። አስተርጓሚው ለዘበኞቹ፣ ዘበኞቹ ለእስረኛው።

«ከፈረንጁ ጋር በገዛ ቋንቋው ታወጋለህ አሉ» አለኝ የቀወቱ ገበሬ። «አስተርጓሚውን እንኳ አስወጥታችሁ!»

«አላስወጣነውም።»

«ምን ተባባላችሁ?»

«ስለ ቁጥር።»

«ተዉት እባካችሁ» አለ ወደሌሎቹ ዞሮ። «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዛሬ ጀምሮ ሰውየው ባለበት ማንም የቤቱን ነገር እንዳያነሳ።» ውሃ ሲዞር ቅሉ ወደኔ የሚደርሰው ባዶውን ሆነ።

ያነጋግረኝ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሼህ ይሏቸዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ የምጠረጥረው እሳቸውን ነበር። ሌሎቻችን በቀን አንዴ ስንወጣ፣ እሳቸውን ዘበኞቹ ለሶላት ሁለት ጊዜ ያስወጧቸዋል። ለምን? ከዘበኞቹ አንዳንዶቹ እስላሞች እንደሆኑና ሽማግሌ ሲለምናቸው እምቢ ማለት እንደከበዳቸው አይታየኝም ነበር። ጥርጣሬ ቀላሉን ምክንያት አይወድም።

በማግስቱ እኔን በርሜሉን እንድደፋ ሲያስወጡኝ ሼሁም ግቢው ውስጥ ነበሩ። ስንዝር የምታህል እንጨት አሸዋው ላይ ተክለው፣ ተቀምጠው ጥላዋን ይጠብቃሉ። የቀትሩን ጥላ ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርገውበታል። ከጠጠሩ ወዲህ ጥላው የእንጨቷን ቁመት ያህል ሲጨምር የአስር ሶላት፣ የከሰዓት በኋላው ጸሎት፣ ይደርሳል።

«ልጄ» አሉኝ ዐይናቸውን ከአሸዋው ሳያነሱ፣ «ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የመጨረሻውም?»

ወረቀቱ ላይ ስንት መስመር እንዳለ፣ የመጨረሻው ነገር እንዳለበት፣ በዚያ መጋዘን ለማንም አልተነፈስኩም። ይህን የሚያውቁት መኮንኑ፣ መሐንዲሱና አስተርጓሚው ናቸው። ሽማግሌው ከነሱ ካልሰሙ ከማን ሰሙ?

«ሁሉም የኔ ነው አልኩዎ እኮ» አልኳቸው።

«ኸይር፣ ደግ ነው» አሉ። «እንግዲህ አየህ፣ ጥላ ከቀትር ወዲህ ያድጋል እንጂ አይቀንስም። በኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ጥላ የሚጠበቀው እንዲያድግ ነው።»

በርሜሉን ይዤ ቆምኩ። የተማሪዬ ስሕተት ከየት እንደመጣ የዚያን ጊዜ ገባኝ። ኮሳይን የመሬቱ ጎን ነው፤ ጥላው የሚያርፍበት። መጽሐፉ ማዕዘኑን ከመሬት ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ፀሐይ ወደ አናት ስትወጣ ጥላው ያጥራል፤ መቀነሱ ከዚያ ይመጣል። ተማሪዬ ግን ዕድሜውን ሁሉ ጥላን የጠበቀው ከቀትር በኋላ፣ ለአስር ሶላት ነው። እሱ የሚያውቀው ጥላ የሚያድግ ነው። ስለዚህ የመቀነስ ምልክት ለመጻፍ እጁ እምቢ አለው።

ሼሁ ይህን ለምን እንደነገሩኝ አልጠየቅኋቸውም። ወጥመድ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ በርሜሉን ደፍቼ ተመለስኩ።

በቀጠሮው ቀን መሐንዲሱ ግራር ጥላ ሥር ጠረጴዛ አውጥቶ ጠበቀኝ። አስተርጓሚው ፈንጠር ብሎ ቆሞ አፍ አፋችንን ያያል። መጀመሪያ ማዕዘኑ በሦስት የተባዛበትን ሳይን ሰጠኝ። ሎጋሪዝሙን ፈታሁ፣ ሳይኑን ፈታሁ፣ ሦስቱን አልረሳሁም። ትክክል። ቀጥሎ የኮሳይኑን ሰጠኝ።

እርሳሱን ያዝኩ። ሰው ስሕተት መሥራት ቀላል ይመስለዋል። የሚያውቁትን ነገር ሳያመነቱ አጣሞ መጻፍ የራስን ስም አጣሞ እንደ መፈረም ነው። ታንጀንት ብዬ ጻፍኩ፤ ከፊቱ ምንም ሳላደርግ።

«ሌላ» አለ። ማዕዘኑ በአምስት የተባዛበት ኮሳይን። አምስት ታንጀንት ብዬ ጻፍኩ።

«የመቀነስ ምልክቱ የታል?»

«የምን መቀነስ? ጥላው ያድጋል እኮ!»

«የምን ጥላ?»

እጄን እያወናጨፍኩ ከቀትር በኋላ ያለውን ጥላ አስረዳሁት። እስኪቆጣ ድረስ ተከራከርኩት። እርሳስ አቁሞ፣ በጣቱ ፀሐይ ሆኖ፣ ከመሬት ወደ አናት እየወጣ አሳየኝ። እኔ በተራዬ ከአናት ወደ መሬት ወረድኩ። ሊስቅ ምንም አልቀረው። በዚህ መሐል ግን ፊቱ ተለወጠና ወረቀቴን አነሳ።

«ቆይ። ሁለተኛው መስመር የታንጀንት ነው። ታንጀንት ሳይን ሲካፈል ለኮሳይን ነው። የኮሳይኑን እንዲህ የምትሳሳት ከሆነ ይኸኛውም መሳሳት ነበረበት። ትክክል ነው። እንዴት?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ተዘጋጅቼ ይህቺን አላየኋትም። ያዳነኝ የመጣልኝ የመጀመሪያው ውሸት ነው።

«እሱን በቃሌ ነው የማውቀው» አልኩት። «አስተማሪዬ ያስያዘኝ ነው። አራተኛውን ግን ያስያዘኝ የለም፤ ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

መሐንዲሱ ወንበሩን ተደገፈ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እፎይታ ነበር፤ የሚያውቀው ነገር ሲረጋገጥለት ሰው የሚያሳየው ዓይነት። «እርግጥ ነው» አለ። «ትሸመድዳላችሁ። ማሰብ ሲመጣ ግን ጥላና ፀሐይ ትላላችሁ። እስክንድርያ ያስተማረህ ሰው ደሞዙን ያለ ሥራ ነው የበላው።»

አስተማሪዬ ጥርስ የሌላቸው አርመናዊ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ምልክት ስሳሳት የክፍሉን በር ከፍተው ውጣ የሚሉ ሰው። በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድኩበት ቀን የለም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ባንድ እስትንፋስ ሠርቼ ፊቱ ላይ ብወረውርለት ምን ነበረበት! አንገቴን ደፍቼ «ትክክል ነዎት» አልኩት። ወደ መኮንኑ ዞሮ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረ፤ ጭንቅላቱን በጣቱ እያንኳኳ አንድ ጣት ሲያሳየው አየሁ። ንቀቱ ተማሪዬን አተረፈልኝ።

ስመለስ ገላዬ ላይ የጅራፍ ምልክት አልነበረም። በዚያ ቤት ከዚህ የከፋ ማስረጃ የለም።

«ዛሬም ሳይነኩህ መጣህ?» አለ ገበሬው። «ማንን ሰጠሃቸው?»

ምን ልበል? ማንንም አልሰጠሁም ብል ታዲያ እንዴት ሳይነኩህ መጣህ ይመጣል፤ ስሕተቱን ለምን የራስህ አደረግኸው ይመጣል፤ ስሕተቱ የማን ነው ይመጣል። ከሃያው ሰው አንዱ ወሬውን ተሸክሞ ቢወጣ የለፋሁበት ሁሉ ከንቱ ነው። ያ አንዱ ደግሞ ሼሁ ናቸው ብዬ አምኛለሁ።

ሼሁ በነጋታው ግቢ ውስጥ ጠጋ አሉኝ። «አልጠይቅህም» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ። የመጨረሻው መስመር ምን ሆነ?»

ከበስተኋላቸው ዘበኛው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አንቀላፍቷል። የሚሰማን አልነበረም። «አላውቅም ሼህ» አልኳቸው። «እኔ ስለ መስመር የማውቀው የለም።» ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ወደ እንጨታቸው ተመለሱ።

ከፈተናው በኋላ በአራተኛው ቀን ማለዳ ካሚዮን መጣና የሰባት ሰው ስም ተጠራ። ወዴት እንደሚወስዷቸው አልተነገረም፤ ካሚዮኑ ወደ ደሴ በኩል ሲዞር ግን እንደማይመለሱ ሁሉም አወቀ። ሼሁም ከሰባቱ አንዱ ናቸው። መቁጠሪያቸውንና አንዲት ቅል ይዘው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዘበኛው ሊገፋቸው እጁን ዘረጋ፤ አልተቻኮሉም።

«ስሙኝ» አሉ ወደ ውስጥ ዞረው። «ይህ ሰው ማንንም አልሸጠም። አልነገረኝም፤ እኔ ግን ወላሂ ብያለሁ። ከበርሜሉ አንሱት።»

ወጡ። ከዚያ የቀወቱ ገበሬ ቡልኮውን ሰብስቦ ጎኑን መታ አደረገልኝ። «የሼህን መሐላ ማን ይገፋል?» አለ። እንዳመነኝ ከፊቱ አይነበብም ነበር። ቢሆንም ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አምስት ወር ድንጋይ ስፈልጥላቸው ቆይቼ ለቀቁኝ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተማሪዬ ፈልጎ አገኘኝ፤ ጢሙ አድጓል፣ አንድ ጣቱ የለም። ስለ ፈተናው ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። መቀነስ ነበረበት ስለው አሁንም አልዋጥ አለው። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ጥላ ያድጋል ያለኝ አጎቴ ነው» አለ። «ያን ዕለት ካንተ ጋር ስንለያይ ወደ እሱ ዘንድ ሄጄ፣ የጻፍኩትን ሁሉ አሸዋ ላይ ደግሜ ጽፌ አሳይቼው፣ ትክክል ነው ብሎኝ ነበር። ወረቀቱ በገበያ እንደተያዘ ሲሰማ ያን መስመር ያስጻፍኩት፣ ልጁን ያስገደልኩት እኔ ነኝ እያለ እህል አልበላም አለ። በዚያው ሰሞን እሱንም ያዙት። እዚያው ሸዋ ሮቢት ነበር አሉ። ሼህ ይሉታል፤ አላየኸውም?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«መትረፌን ሰማ?»

አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ። ሰው የማይገባውን ነገር ከላይ ወደ ውስጥ፣ አንድ በአንድ እየፈታሁ ማስረዳት ሥራዬ ነበር። ለዚህ ጥያቄ ግን «ከኔ አልሰሙም» ከማለት ሌላ የማስረዳው ነገር አልነበረኝም። እሱም ደግሞ አልጠየቀኝም። አጎቱ ከዚያ ካሚዮን አልተመለሱም።

ሼሁ ምንም ሳልነግራቸው አመኑኝ። እኔ የጥላውን ነገር ከአፋቸው ሰምቼ እንኳ አላመንኳቸውም። ጠርጣራ በመሆኔ እንደተረፍኩ ለብዙ ሰው ተናግሬአለሁ፤ እውነትም ነው፣ ጥርጣሬ ያን ጊዜ ብዙ ሰው አትርፏል። ግን ዘበኛው ተኝቶ ነበር። የሚሰማን አልነበረም። ያን ሽማግሌ «ድኗል» ብላቸው የምጎዳው ምን ነበር እያልኩ አሁንም አስባለሁ።